አራት ሰው፣ ሁለት ገመድ

ጥር 6

ቆጠራ። ቀኑን ሙሉ የመድኃኒት ካርቶን ስቆጥር ዋልኩ። አሥራ አምስት ዓመት በዚህ መጋዘን ኃላፊ ሆኜ አንድም ጊዜ ከመዝገቡ ጋር ገጥሞ አያውቅም። ዛሬ ገጠመ። ደገምኩት። አሁንም ገጠመ። አልወደድኩትም።

ከሥራ በኋላ በያጁ ሱቅ። ተራራ የምንወጣው አራታችንም ነበርን፤ እሱ፣ የጥርስ ሐኪሟ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። ያለው ወንበር ሁለት ነው። አንዱ ላይ ሐኪሟ ተቀመጠች፣ ሌላው ላይ ቦርሳዋ። ታናሼ እንድንወጣው የፈለገውን ተራራ ፎቶ መበየጃ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሜትር። ሰው ሁሉ በሚወጣበት በደቡቡ በኩል ሳይሆን በሰሜኑ ሸንተረር። ግማሹ በረዶ፣ ግማሹ ቋጥኝ። ከላይኛው ካምፕ በኋላ ድንኳን የሚተከልበት ቦታ የለም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያሰብከው?" አልኩት።

"ከትናንት ወዲያ።"

ውሸቱን ነው። ፎቶው እጥፋቱ ላይ ተበልቷል።

በያጁ ፎቶውን ብዙ አየው። "ይወጣል" አለ። ለሱ ይሄ ዲስኩር ነው።

ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ። "ዕቅዱን እትዬ ትጻፍ።" እትዬ የሚለኝ ወንድሜ ነበር። አሁን ሁሉም ይሉኛል፣ በስድስት ዓመት የሚበልጠኝ በያጅ ሳይቀር።

ጻፍኩ። ሰኔ።

ጥር 14

ዝርዝር። ሃያ ሁለት ቀን፣ አራት ሰው። እዚያ ውሃ የለም፤ በረዶ ይቀለጣል፤ ለማቅለጥ ጋዝ ያስፈልጋል። ሠላሳ አራት ቆርቆሮ ጋዝ ወጣ። ጓንት ለያንዳንዱ ሦስት ጥንድ። ታናሼ "እጄ ሁለት ነው" አለ። አንዱ ይረጥባል፣ አንዱ በንፋስ ይሄዳል፣ ሦስተኛውን ታጠልቃለህ አልኩት። ባለፈው በንፋስ የሄደው የማን ነበር?

ገመድ ሁለት፣ እያንዳንዱ ስልሳ ሜትር። በያጁና ሐኪሟ በአንዱ። ታናሼና እኔ በሌላው። ይሄን ስጽፍ እስክሪብቶው እንኳ አልቆመም። ሌላ ከማን ጋር ይታሰራል? ጫማውን ሳይቀር እኔ ነበርኩ የማስርለት።

ጥር 23

ሐኪሟ ሁላችንንም በየተራ ወንበሯ ላይ አስተኛችን። ጥርስ ሲሞላ ከሥሩ ትንሽ አየር ከቀረ ከፍታ ላይ ይነፋል፣ ያሳብዳል ትላለች። "ስድስት ሺህ ሜትር ላይ ጥርስህን ቢያምህ የማንን በር ታንኳኳለህ?" ታናሼ አንድ መንጋጋ ተነቀለ። የበያጁ ጥርስ እንከን አልተገኘበትም። "አፉን ስለማይከፍት ነው" አለች። እሱም በፋንታው ጫማ ሥር የሚታሰረውን የብረት ጥርስ የሁላችንንም እየሳለ ነው። ሁለት የጥርስ ባለሙያ ያለው ቡድን።

ቀጥሎ የጤና ቅጽ። ራሷ ነች ያዘጋጀችው፣ ሁለት ገጽ። ስኳር... የለም። አስም... የለም። ደም ግፊት... የለም። ቁጥር አሥራ አንድ፣ "ከዚህ በፊት የከፍታ ሕመም ይዞዎት ያውቃል?"

የለም።

ታናሼ አጠገቤ ነበር። ወረቀቴን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ። ጥጥ ነክሶ ስለነበር መናገር አልቻለም። ጥጡን አመሰገንኩ።

የካቲት 2

ለራሴ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሌላ ተራራ፣ ስድስት ሺህ ሁለት መቶ። ታናሼና እኔ ብቻ። ራሴን ያመኝ ነበር፤ ደበቅኩት። ከዚያ የማስታውሰው ምድጃ ስቆጥር ነው። የነበረን አንድ ምድጃ ነው። እየደጋገምኩ ቆጠርኩት። ከዚያ ታች ነኝ፣ ታናሼ ጫማዬን እያወለቀልኝ። አንጎሌ አብጦ ነበር፣ በሰዓቱ ባልወርድ ኖሮ አበቃልኝ ነበር አሉ። በመሃል ያለው የሱ ነው። ጠይቄው አላውቅም። ነግሮኝም አያውቅም።

ለእማዬ ሆዴን አሞኝ ነው አልናት።

ይኸው ሁለት ዓመት ደህና ነኝ። በሳምንት ሦስት ቀን አሥራ ሁለት ፎቅ ደረጃ በሸክም እወጣለሁ። አንዴ የመጣ ነገር ሕመም ይባላል ወይስ አጋጣሚ? ይሄን የሚመልስ ሐኪም ቡድናችን ውስጥ አለ። አውቃለሁ።

የካቲት 17

እማዬ ዘንድ። ሸራ ይዤ ሄድኩ፣ የገመድና የብረት መያዣ ከረጢት እንድትሰፋልን። አርባ ዓመት ፋብሪካ ሰፍታለች፤ ጡረታ የወጣችው እሷ እንጂ ማሽኗ አይደለም። ለምንድነው አላለችም። ልኩን ጠየቀች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ጀመረች።

አራተኛውን ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

"ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ የኔ ናቸው፣ አይደል?"

"ምኑ?"

"ከአራቱ።"

"...አዎ።"

"በአንድ ገመድ ነው የምትታሰሩት?"

"አዎ።"

"አንዳችሁ ብትወድቁስ?"

"ሌላው ይይዛል። ገመዱ ለዚህ ነው።"

"ሌላው ካቃተውስ?"

መልስ ነበረኝ። በረዶ ውስጥ ስለሚጠመዘዝ ብሎን፣ ገመዱ ስለሚታሰርበት መልህቅ፣ ስለ ክብደት። ሩብ ሰዓት የሚወስድ መልስ ነው። አልጀመርኩትም። ከረጢቱን ገልብጣ ስፌቱን በሁለት እጇ ጎተተችው። ያዘ።

"እኔ የወለድኩት ሁለት ነው" አለች። ከዚያ፣ "ጨው አልቆብኛል። ስትመጪ ያዢልኝ።"

መጋቢት 5

ልምምድ፣ ሥራ ያቆመው የድንጋይ ማውጫ። ታናሼ ሳይነግረኝ ከላይ ዘለለ። ያዝኩት። አንድ ሜትር ያህል ጎተተኝ እንጂ ያዝኩት። ተንጠልጥሎ፣ ሳይንቀሳቀስ ቁልቁል ያያል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ትይዢኝ እንደሆነ ልይ ብዬ።"

"ይኸው ያዝኩህ።"

"እዚህ አዎ" አለ።

መጋቢት 6

መዳፌ ተላጠ። ካርቶን ማንሳት አልሆነልኝም። ለሥራ ባልደረቦቼ የጋለ መጥበሻ ይዤ ነው አልኳቸው። ለምን? ገመድ ነው ብል ማን ከለከለኝ? ውሸት ለመደብኝ ማለት ነው።

መጋቢት 19

ታናሼ መጋዘን ድረስ መጣ። መጥቶ አያውቅም። ሠራተኞቹ እንዳይሰሙ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገባሁት።

"ከአንቺ ጋር በአንድ ገመድ አልታሰርም" አለ።

"ለምን?" እያወቅኩ።

"ቁጥር አሥራ አንድ።"

"ሁለት ዓመት ሆነው እኮ። አሁን ደህና ነኝ።"

"እኔ ደህና አይደለሁም።"

የክትባት ሳጥኖቹን ማስተካከል ጀመርኩ። ተስተካክለዋል። እሱ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የተቆጣ ታናሽ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ።

"ያን ቀን ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ?"

"አላስታውስም።"

"'የማን ልጅ ነህ?' አልሽኝ።"

...

"ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። በትህትና። መንገድ ላይ ጠፍቶ እንዳገኘሽው ልጅ። የእማዬን ስም ነገርኩሽ። 'አላውቃትም፣ ግን አይዞህ፣ ፈልገን እናደርስሃለን' አልሽኝ።"

የማቀዝቀዣው በር ክፍት ሲቆይ ይጮሃል። ጮኸ። ሄጄ ዘጋሁት። ተመለስኩ።

"ስምንት ሰዓት ነው ያወረድኩሽ" አለ። "ስምንት ሰዓት ሙሉ ስታጽናኚኝ ነበር።"

አንዱን ሳጥን አንስቼ መልሼ እዚያው አስቀመጥኩት።

"ለሐኪሟ ወይ አንቺ ትነግሪያታለሽ ወይ እኔ። እስከ ሰኞ።" ሄደ።

የሙቀት መዝገቡ ላይ አራት ዲግሪ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። በካርቶን ላይ መቀመጥ ክልክል ነው የሚለውን ማስታወቂያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 22

ሰኞ። ሐኪሟ ዘንድ፣ በሁለት ታካሚ መሃል።

"ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ተሳስቻለሁ።"

"ተሳስተሻል ወይስ ዋሽተሻል?"

"ዋሽቻለሁ።"

ጓንቷን አወለቀች። ስንት ሜትር ላይ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ መራመድ እችል እንደነበር ጠየቀች። የማላውቀውን አላውቅም አልኩ። ሁሉንም ጻፈች።

"አንዴ ያመመው ሰው ሁሉ ይደግመዋል ማለት አይደለም" አለች። "አይደግመውም ማለትም አይደለም። ችግሩ፣ ያ ሸንተረር ላይ አንቺን የሚያወርድ ትርፍ ሰው የለንም። የሚያወርድሽ ያው ወንድምሽ ነው።"

"እስከ ስንት መድረስ እችላለሁ?"

"ታችኛው ካምፕ። በቀስታ። ራስሽን ባመመሽ ደቂቃ ትነግሪኛለሽ።"

"እሺ።"

አዲስ ጓንት አጠለቀች። "ቅጹን ለጌጥ ያዘጋጀሁት መስሎሽ ነበር?" አለችኝ። ታካሚው ገባ፣ አፉን ከፈተ። የኔ ተዘጋ።

መጋቢት 23

አልተከፋሁም።

መጋቢት 24

ተከፍቻለሁ።

ሚያዝያ 3

አዲስ ዕቅድ። ወደ ላይ የሚሄዱት ሦስት ሆኑ። ሦስት ሰው በአንድ ገመድ ሲታሰር ይንቀራፈፋል፤ አንዱ ሲወጣ ሁለቱ ቆመው ይበርዳቸዋል። ሁለተኛው ገመድ ለመውረጃ ይሸከሙታል። ስንቁን፣ ጋዙን፣ ቀኑን እንደገና ከሥሩ ሠራሁት። ራሴን ወደ ላይ ከሚሄዱት ዝርዝር ስሰርዝ ዘጠና ሦስት ኪሎ ቀነሰልን። እኔ ብቻዬን ይሄን ሁሉ አክል ነበር? ከነሸክሜ ነው፣ እሺ።

መሪው ታናሼ እንዲሆን እኔው ሐሳብ አቀረብኩ። ሌላ ማን አለ?

"ታዲያ እኔ ከጉዞው ልቅር" አልኩ። "ታች ሆኜ ድንኳን ልጠብቅ?"

ያኔ በያጁ ተናገረ። ስድስት ዓመት ሳውቀው ይሄን ያህል ሲያወራ የመጀመሪያው ነው። "መጥፎው አየር የሚመጣው ከምዕራብ ነው። ሸንተረሩ ላይ ያለ ሰው ምዕራቡን አያይም፤ የቋጥኙ ግድግዳ ይጋርደዋል። ከታችኛው ካምፕ ግን ይታያል። ሬዲዮ የያዘ ሰው ከታች ከሌለ እኔ አልሄድም።" ጨረሰና ውሃ ጠጣ።

ሕግ አወጣን። እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ድረስ ጫፍ ካልተደረሰ ይወረዳል። ሬዲዮ የያዘችው ውረዱ ካለችም ይወረዳል፣ ሰዓቱ ምንም ይሁን። እጅ ወጣ። የታናሼ እጅ መጨረሻ ወጣ። ግን ወጣ።

ሚያዝያ 20

እማዬ ዘንድ።

"እማዬ፣ ያኔ ሆዴን አሞኝ አልነበረም።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ሆዱን የታመመ ሰው እናቱን ሲያይ እንደዚያ አያለቅስም።"

"ታዲያ ሁለት ዓመት ዝም አልሽ?"

"ያንቺ ነገር ነው፣ አንቺ ንገሪኝ ብዬ ነዋ።"

ሁሉንም ነገርኳት። የማን ልጅ ነህ ያልኩትንም። እማዬ ሳቀች። መነጽሯ እስኪወድቅ ሳቀች። አንስታ ስትጠርገው ግን ቆየች፤ ያን ያህል አልቆሸሸም ነበር።

"ረስተሽውም አይዞህ አልሽው" አለች።

ከእንግዲህ እኔና ታናሼ በአንድ ገመድ እንደማንታሰር፣ እኔ ታች እንደምሆን ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። መቀሷን አስቀመጠች።

"እሱስ አሁን ማን አለው?"

ሬዲዮ አልኩ። አልገባትም፤ ወይ ገብቷታል።

ግንቦት 12

ጭነት። አሥራ አንድ በርሜል። ሁሉንም ሁለት ጊዜ መዘንኩ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የስንቁን አረጋገጥኩ።

ግንቦት 29

ሥራ ቦታ ስሸኝ የመጋዘኑ ልጆች ኬክ ገዙ። ላዩ ላይ ተራራ አለበት፣ ጫፉ ላይ የፕላስቲክ ሰው። "እትዬ ነሽ" አሉኝ። ቢላዋውን ተቀብዬ፣ እኔ ጫፍ አልሄድም፣ ታችኛው ካምፕ ነው የምቀረው፣ አንጎሌ ከፍታ አይችልም አልኳቸው። ሰውዬውን አንስቼ ሳህኑ ጥግ ላይ አቆምኩት። "እዚህ ጋ ነኝ።" ከዚያ ተበላ።

ሰኔ 9

ታችኛው ካምፕ። አራት ሺህ ስድስት መቶ። ራስ ምታት የለም። ሐኪሟ ጠዋት ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀው እኔን ነው። "ዛሬስ?" "የለም።" "እውነት?" "እውነት።" በቅጽ ብታስሞላኝ ይሻላት ይሆናል።

ተራራው ከፎቶው ይበልጣል።

ሰኔ 15

ሦስቱ ሁለተኛው ካምፕ ደርሰው ተመልሰዋል፣ ከፍታውን ለመላመድ። ታናሼ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቅባት ሰጠሁት። "እንደ እማዬ አትሁኚ" አለኝ። ተቀባ ግን።

ሰኔ 19

ዛሬ ነው።

ከላይኛው ካምፕ የተነሱት ሳይነጋ ነው። ታናሼ በየጊዜው በሬዲዮ ይደውላል። አንድ ሰዓት፣ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ሃያ። ሦስት ሰዓት፣ ስድስት መቶ አርባ፤ በረዶው ጠንካራ፣ ጥሩ። አምስት ሰዓት፣ ሰባት መቶ ስልሳ። ድምፁ ደስታ አለበት። እንዲህ ሲሆን የማውቀው ፈተና ያለፈ ቀን ነበር።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና። ሃምሳ ሜትር ቀርቷቸዋል። "በሃያ አምስት ደቂቃ እንወጣለን" አለ። ከሕጉ በፊት። ልክ ነው።

ያኔ ነው ምዕራቡን ያየሁት። ጥቁር አይደለም፤ ግራጫ፣ ታችኛው በኩል ጠፍጣፋ። በሩቅ ማሳያ መነጽር አየሁ። ሸለቆውን ሞልቶ ወደነሱ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ጫፍ ደርሰው፣ ተመልሰው የሸንተረሩን ጠባብ ቦታ ለማለፍ ሦስት ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። ደጋግሜ አሰላሁት። አሁን ካልዞሩ ጠባቡ ላይ ያገኛቸዋል።

"ታናሼ።"

"አለሁ።"

"ደመና አለ። ከምዕራብ። ውረዱ።"

ሹክሹክታ። ከዚያ፣ "እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።"

"እንደማይታይህ አውቃለሁ። ውረዱ።"

የንፋሱ ድምፅ ብቻ።

"እትዬ... እውነት ደመና አለ? ወይስ ለእማዬ ብለሽ ነው?"

አልተናደድኩም። ይሄን የመጠየቅ መብት የሰጠሁት እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በቁጥር አሥራ አንድ።

"ፈርቻለሁ" አልኩ። "ለእማዬም ለራሴም። ግን ደመናው አለ። እያየሁት ነው።"

አሥራ አንድ ሰከንድ። ቆጠርኩ፤ ሥራዬ ነው።

"እሺ" አለ። "እንወርዳለን።"

ሬዲዮውን አስቀመጥኩት። ሰዓቱን ጻፍኩ።

...

አመሻሽ። ደመናው እስከ ሸንተረሩ ወገብ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተበተነ። ዝም ብሎ ተበተነ። ጫፉ እስከ ማታ ፀሐይ ሲሞቅ ዋለ። እነሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ላይኛው ካምፕ ገቡ። ሐኪሟ ነበረች የደወለችው። "ሦስታችንም ደህና ነን።"

ባልጠራቸው ይወጡ ነበር። ወጥተው ይመለሱ ነበር።

ሰኔ 21

መጡ። በያጁ አንድ ጣቱ ጫፉ ነጥቷል፤ ሐኪሟ በለብ ያለ ውሃ ነክራው ወደ ቀለሙ ተመለሰ። እሱ ጣቱን እንደ ሰው ዕቃ ያየዋል።

ታናሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ፈታ። ሾርባ ሰጠሁት። ጨረሰው።

"ተበተነ አይደል?"

"ተበተነ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ።"

"ጫፉ እስከ ማታ ሲበራ ከካምፕ አየነው።"

"ይቅርታ" አልኩ።

"ስትጠሪን ግን ነበረ?"

"ነበረ።"

"በቃ" አለ። ድንኳኑ ውስጥ ገባ። አሥራ አራት ሰዓት ተኛ።

ውጭ ተቀመጥኩ። ፀሐዩ ዓይኔን አስነባው... አይደለም። አለቀስኩ።

ሐምሌ 13

ወደ ሥራ ከተመለስኩ ሳምንቴ። ቆጠራው በሁለት ካርቶን አልገጠመም። ተመስገን።

እሁድ ስለሆነ ታናሼ ምሳ መጣ። እማዬም ነበረች። "ደረሳችሁ?" አለችው።

"ሃምሳ ሜትር ቀርቶን ተመለስን።"

"ማን መለሳችሁ?"

በአገጩ ወደኔ ጠቆመ። እማዬ አየችኝ። ከራሷ ሳህን አንድ ድንች አንስታ ሳህኔ ላይ አደረገችልኝ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። በላሁት።

እማዬ ከሄደች በኋላ ታናሼ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን ተክሎ ቆየ።

"በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንሞክረዋለን" አለ። "ሌሎቹ እሺ ብለዋል።"

"ጥሩ። ታች ማን ይሁን?"

"አንቺ ነሻ።"

"ለምን? ባለፈው ያለቦታው መለስኳችሁ። የአየር ጠባይ የተማረ ሰው ፈልጉ። መሣሪያ ያለው።"

ራሱን ነቀነቀ። ቃል ሲፈልግ ጆሮውን ያሻል፤ አሸ።

"እዚያ ላይ ሆነሽ ሃምሳ ሜትር ሲቀር ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ" አለ። "ሌላ ሰው ውረድ ቢለኝ የምወርድ አይመስለኝም።"

እሺ አልኩት።

ተነሳ፣ ሳህኖቹን ሰበሰበ፣ አጠበ፣ አደረቀ፣ ሄደ። ይሄ ልጅ ከተወለደ ሳህን አጥቦ አያውቅም።